«ስንቀዳ ድምፃችን ሳሳ» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። «መድረክ ላይ ቤቱን እናናውጠዋለን፣ ስቱዲዮ ገብተን ስንቀዳ ግን ድምፃችን ይሳሳል፤ በየትኛው ፕለጊን እናወፍረው?» ብለሃል። ከኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች የፕለጊን (ድምፅ የሚቀይር የኮምፒውተር ፕሮግራም) ስም ደርድረውልሃል። ክፋት የለውም። ግን እኛን በዚያው መንገድ የወሰደን ባለሙያ ገንዘባችንን በልቶ፣ ዘፈናችንን አበላሽቶ ነው የሸኘን። ስለዚህ ትንሽ ታገሰኝ፣ ረዘም ይላል። እናንተም እንደኛ ሁለት ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ድራምና አንድ ድምፃዊ ናችሁ ብዬ ልነሳ።

1. ኮፒ ማድረግና ደግሞ መጫወት ለየቅል ናቸው።

ይቺን ከያዝክ ሌላውን ባታነበውም አልቀየምህም። ጊታር የሚወፍረው ጊታሪስቱ ያንኑ ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ሲጫወተው ነው። የመጀመሪያውን ግራ፣ የተደገመውን ቀኝ ታደርገዋለህ። ሰው አንድን ነገር ደግሞ ሲመታ እኩል አይመታም። አንዱ ላይ ትንሽ ይቀድማል፣ ሌላው ላይ ይዘገያል። ክሩን ጠበቅ ወይም ላላ አድርጎ ይይዛል። ጆሯችን «ሰፊ ነው» የሚለው ያቺን ልዩነት ሰምቶ ነው።

የኛን የቀዳው ሰውዬ ይሄን አላደረገም። ጊታሪስታችን «ልድገመው?» ሲለው «ጊዜ አታባክኑ፣ እኔ አወፍረዋለሁ» አለ። ትራኩን (ለብቻው የተቀዳውን የጊታር ድምፅ) ኮፒ አደረገ። ኮፒውን ወደ 10 ሚሊሰከንድ አዘገየው። አንዱን ግራ ጥግ፣ አንዱን ቀኝ ጥግ ወረወረው። በስቱዲዮው ስፒከር ሲሰማ፣ እውነት ለመናገር፣ ግሩም ነበር። ከፍለን፣ አመስግነን ወጣን።

ዘፈኑ ከተለቀቀ በኋላ ሰው በስልኩ ሲሰማው ጊታሩ ከቧንቧ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ስፒከር ብቻ ያለው ስልክ ግራና ቀኙን ደምሮ ነው የሚያወጣው። ኮፒው በ10 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ከዋናው ጋር በእኩል መጠን ሲደመር፣ 50፣ 150፣ 250፣ 350 ሄርዝ እያለ በየ100 ሄርዙ ርቀት እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የጊታር ሥጋው ያለው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ይሄን መጠፋፋት ኮምብ ፊልተሪንግ ይሉታል። በእጅ የተደገመ ጊታር ግን ልዩነቱ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ እንዲህ ቦታ ይዞ አይጠፋፋም።

ተመልሰን ሄድን። በር ላይ ቆሞ ነው ያነጋገረን። «ስልካችሁን ቀይሩ» አለን! «እሺ፣ ትራኮቹን ለየብቻ ስጠንና ሌላ ቦታ አንድ ላይ አዋህደው ሚክስ ያድርጉልን» ስንለው «የከፈላችሁት ላለቀ ዘፈን ነው፣ ትራክ አልሸጥኩላችሁም» ብሎ ገባ። ከዜሮ ጀምረን እንደገና ቀዳነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ላለመዋሸት፣ ኮፒ ማዘግየት በራሱ ነውር አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በአቤይ ሮድ ስቱዲዮ ኬን ታውንሴንድ የሚባል ኢንጂነር፣ የእንግሊዝ ባንድ የሆኑት ቢትልሶች ድምፃቸውን ደጋግሞ መቅዳት ቢሰለቻቸው፣ በሌላ የቴፕ ማሽን ኮፒውን የሚያዘገይ ዘዴ ፈጥሮላቸዋል። ልብ በል፣ እነሱ የዚያን ማሽን ፍጥነት ያወዛውዙት ነበር። መዘግየቱ አንድ ቦታ አይረጋም። የኛው ሰውዬ ግን 10 ብሎ ጻፈ፣ ዞሮም አላየው።

2. ሲደገም መልኩ ይለይ።

ያንኑ ጊታር፣ በዚያው አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ)፣ በዚያው ኮርድ አያያዝ ብትደግመው ይወፍራል፣ ግን የሚገባውን ያህል አይደለም። ሌላ ጊታር ተዋሱ። ካጣችሁ ፒክአፑን (የክሩን ድምፅ የሚቀበለውን ክፍል) ቀይሩ። አለበለዚያ ካፖ (የጊታሩ አንገት ላይ ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) አስራችሁ ያንኑ ኮርድ ከፍ ባለ ቦታ ያዙት። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ መድረክ ላይ ከምታደርጉት ቀንሱት። እያንዳንዱ ትራክ የራሱን ጩኸት ይዞ ስለሚመጣ ሲደራረብ ጭቃ ይሆናል።

በድጋሚ ስንቀዳ እኔ አዝማቹ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታሮቹን በአኮስቲክ ደገፍኳቸው። በጣም ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ አኮስቲክ መኖሩን ማንም አያውቅም። ስታጠፋው ግን አዝማቹ ይወድቃል። አንድ ስመ ጥር ጊታሪስት ሰምቶት «ስንት ጊታሪስት ነው ያላችሁ?» ብሎ ጠይቆናል። ሁለት ብቻ ነን ስለው አላመነኝም። ይሄን በኩራት ነው የምነግርህ፣ አልደብቅህም።

ድምፃዊውም ይደገማል፣ ግን አዝማቹ ላይ ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ። እዚህ ጋ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ሲደግም የቃላቱን መጨረሻ ያለስልስ። ሁለቱም ትራክ ላይ «ት» እና «ክ» ጠንክረው ከወጡ፣ በትንሽ ልዩነት ተከታትለው ይመጡና እንደ አንድ ሰው መሆኑ ይቀራል። የኛ ድምፃዊት ስትደግም የመጨረሻዋን ፊደል ከነጭራሹ ትውጣታለች። ለብቻው ስትሰማው ያስቃል፣ ጥርስ የሌላት ትመስላለች። ከዋናው ጋር ሲሆን ግን አንድ ወፍራም ድምፅ ነው። ከዚያ በላይ ያንኑ አዝማች በሹክሹክታ ቀድተን ከስር አስገባነው። ትንፋሽ ይጨምርለታል። ቤዝና ከበሮው ግን አይደረቡ። ቤዙና የእግር ከበሮው አንድ ሆነው መሀል ላይ ይቀመጡ።

3. ሪቨርብ (እንደ ክፍል ማስተጋባት ያለው ኢፌክት) ከድምፁ ጋር አብሮ አይቀዳ።

ያ ሰውዬ ድምፃዊታችንን ከነሪቨርቡ ነበር የቀዳት። አንዴ ከገባ አይወጣም። ሄድፎን ላይ ለስሜት ብትሰሙት ችግር የለም፤ ዲስኩ ላይ የሚገባው ደረቁ ድምፅ ይሁን። ለጊታሩም እንዲሁ። አምፑን በማይክ ስትቀዱ ጎን ለጎን ንጹሑን ሲግናል በዲአይ ቦክስ (ጊታሩን ያለ አምፕ በቀጥታ ወደ መቅጃው በሚያስገባ ሣጥን) ያዙት። ነገ የአምፑ ድምፅ ካልጣማችሁ ያንን ንጹሕ ትራክ በሌላ አምፕ አሳልፋችሁ ትቀዱታላችሁ፣ ጊታሪስቱን ሳትጠሩት።

ሚክስ ላይ ለየመሣሪያው የተለያየ ሪቨርብ አትክፈቱ። አንድ ወይም ሁለት ሪቨርብ ክፈቱና ሁሉንም በሴንድ (ከየትራኩ የሚፈለገውን ያህል ድምፅ በሚልክ መስመር) ወደዚያ ላኩ። ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ የተጫወተ የሚመስለው ያኔ ነው። ፕሪዲሌዩን (ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ክፍተት) ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ብታደርጉት ቃላቱ ከሪቨርቡ ፊት ይወጣሉ። የሪቨርቡን ወፍራም ድምፅ ከ200 ሄርዝ በታች ቁረጡት። ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግም ኢፌክት) ከፈለጋችሁ 60,000ን ለዘፈኑ ቢፒኤም (በደቂቃ ያለው የምት ብዛት) አካፍሉ። 120 ከሆነ 500 ሚሊሰከንድ ይመጣል። ግማሹን 250 መሞከርም ትችላላችሁ።

ስለ ክፍል ካነሳሁ አይቀር፣ ከፕለጊኑ ሁሉ የበለጠ ያገለገለን ኮሪደር ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ድራሙን ስንቀዳ በሩን ከፍተን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንድ ማይክ ተከልን፣ ከድራሙ 7 ሜትር ያህል ይርቃል። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚጓዝ እዚያ የሚደርሰው 20 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ያንን ትራክ በኮምፕሬሰር (ከፍና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ መሣሪያ) እስኪጮህ አፍነን፣ ቀስ አድርገን ከዋናው ስር አስገባነው። ድራሙ ከትንሽ ክፍል ወጥቶ አዳራሽ ገባ። የ1980ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ያ ትልቅ የድራም ድምፅ ታውቀው የለ? እሱም በአጋጣሚ ነው የተገኘው። ድራመሩ ፊል ኮሊንስ ለዘፋኙ ፒተር ጋብሪኤል ሦስተኛ አልበም ድራም ሲመታ፣ ከኢንጂነሩ ጋር እንዲነጋገርበት የተሰቀለው ማይክ ድንገት ተከፈተ። በዚያ መስመር ላይ ኃይለኛ ኮምፕሬሰር ነበረበት። ኢንጂነሩ ሂዩ ፓድጋም ድምፁን ሰማና ለቀረጻ እንዲሆን አደረገው። ኖይዝ ጌት (ድምፅ ሲቀንስ የሚዘጋ መሣሪያ) ጨመረበት፣ ሪቨርቡ እየሞተ ከመሄድ ይልቅ በአንዴ ይቆረጥ ጀመር።

4 ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ ቁጥሩን ልተወው።

አንተ «እናወፍረው» ስትል ዘፈኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወፍራም እንዲሆን ነው የፈለግከው መሰለኝ። አይሆንም። ሁሉም ቦታ ከወፈረ ጆሮ ይለምደውና ተመልሶ ይሳሳብሃል። ቨርሱ (ከአዝማቹ ውጭ ያለው ግጥም) ላይ አንድ ጊታር ብቻ ተዉ፣ ጠበብ ብሎ መሀል አካባቢ። ኪቦርዱ ዝም ይበል። አዝማቹ ሲገባ ግራና ቀኙ ይከፈት፣ ተቀባዮቹ ይግቡ። ያኔ ምንም ሳትጨምሩ ድምፁ ያደገ ይመስላል። ኪቦርዲስታችሁ ይኮርፋል፣ የኛም ኮርፎ ነበር። ሚክሱን ሲሰማ ተወው። ጊታሮቹንም ከ80 እስከ 100 ሄርዝ በታች ቁረጧቸው። ለብቻቸው ሲሰሙ ይሳሳሉ፣ ግን ቤዙ ይተነፍሳል። ጊታር ለብቻው አምሮ እንዲሰማ ሚክስ የሚያደርግ ሰው ካየህ ጠርጥረው።

እና ትራኮቹ። ይሄን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ የሚጻፍ ነገር ካለም ይጻፍ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱ ትራክ ለየብቻው፣ ያለ ኢፌክት፣ በ24 ቢት ዌቭ ፋይል፣ ሁሉም ከዘፈኑ ዜሮ ሰከንድ የሚጀምር ሆኖ በራሳችሁ ሀርድ ዲስክ ይገልበጥ። ከዜሮ የሚጀምር ያልኩት ሌላ ቦታ ስትከፍቱት ሁሉም በየቦታው እንዲገጥም ነው። ፋይሎቹ ላይ ስም ይጻፍ፤ «ኦዲዮ 17» የሚል ፋይል ነገ ምን እንደሆነ ማንም አያውቀውም። «እኛ እንዲህ አንሠራም» የሚል ስቱዲዮ ካጋጠማችሁ መሣሪያችሁን ሳታወርዱ ተመለሱ።

ሚክሱ አልቋል ስትባሉ ማስተር ቻናሉ (ሁሉም ትራክ ተደምሮ የሚወጣበት መስመር) ላይ ያለችውን፣ ግራና ቀኙን የምትደምረውን የሞኖ ቁልፍ ራሳችሁ ተጫኗት። ቁልፏ ከሌለች ዘፈኑን በአንድ ስፒከር ስልክ አጫውቱት። ጊታሩ ወይም ኪቦርዱ ከሳሳ ሰውዬው ሌላ ፕለጊን ሊከፍት ይቸኩላል። አትፍቀዱለት። መጀመሪያ ኮፒ የተደረገ ትራክ ካለ አጥፉና ጊታሪስታችሁ ገብቶ ደግሞ ይጫወተው።