«ኮሞሮስን የማውቃት በአውሮፕላኑ ብቻ ነው»

በዚህ ወር ስለ አንዲት ትንሽ አገር ሦስት ደብዳቤ ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ነገር ስለማይገጥመኝ ሌላውን ሁሉ ለሚቀጥለው እትም አሳድሬ ሦስቱን አንድ ላይ ላስተናግድ። ከአውሮፕላኑ ቀን በስተቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ኮሞሮስ የምትባለውን አገር የማውቃት በአውሮፕላኑ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ ሲወራ እሰማ ነበር። ማዮት የምትባል ደሴት በአውሎ ነፋስ ስትመታ ደግሞ ዜናው «የፈረንሳይ ግዛት» አለ። ባለቤቴ «የኮሞሮስ ናት እንጂ!» ብሎ ድርቅ አለ። ማናችን ነን ትክክል? ለመሆኑስ ምን ዓይነት አገር ናት?
አንባቢዎ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ደህና ነኝ እህቴ፣ ተመስገን። የባልና ሚስቱን ክርክር ወደ ኋላ አመጣዋለሁ። እንኳን እናንተ፣ የተባበሩት መንግሥታትም አልፈታው።

አውሮፕላኑን ካነሳሽው ከእሱ ልጀምር። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን ቦይንግ 767 ሦስት ጠላፊዎች «ወደ አውስትራሊያ ውሰደን» ይላሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸው፣ ቢነግራቸው አልሰሙም። ኮሞሮስ ሰማይ ላይ ነዳጁ አለቀ፣ ሞተሮቹ ጠፉ። አውሮፕላኑ በትልቋ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሚትሳሚውሊ አጠገብ ካለ ሆቴል ፊት ለፊት ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰው 125ቱ ሞቱ፣ 50 ተረፉ። ብዙዎቹ የሞቱት የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ካቢኑ ውስጥ ሳሉ በመንፋታቸው ነው። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸውና መውጣት አቃታቸው። እኛ ቤት ብዙ የማይወራው ግን፣ የተረፉትን ከውሃ ያወጧቸው በየጀልባቸው ዘለው የደረሱ የአካባቢው ሰዎችና እዚያ ሆቴል ያረፉ ጎብኚዎች መሆናቸው ነው።

አሁን ወደ አገሪቱ። እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የፈረንሳይኛ አስተርጓሚ ነበርኩ። ለስብሰባ ሞሮኒ፣ ማለትም ዋና ከተማዋ፣ ተልኬ አውቃለሁ። ኮሞሮስ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል ያለው የባሕር ወሽመጥ ሰሜናዊ መግቢያ ላይ ያሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ናት። ንጋዚጃ፣ ንዙዋኒና ምዋሊ ይባላሉ። ፈረንሳዮች ግራንድ ኮሞር፣ አንጁዋንና ሞሄሊ ይሏቸዋል። ሦስቱ ተደምረው 1,860 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ጣና ሐይቅ ላይ ብትዘረጊያቸው ውሃ ይተርፋል። በዚያች መሬት ላይ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ይኖራል። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፣ ቋንቋው የስዋሂሊ ዘመድ ነው።

እኔን የገረመኝ ውሃው ነው። ትልቋ ደሴት ላይ ካርታላ የሚባል 2,361 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ አለ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ያውም እንደ ጉድ! ግን ደሴቲቱ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የለም። ያ ጥቁር ቀዳዳማ ድንጋይ ውሃውን ወዲያው ይውጠዋል። ስለዚህ ሰው የጣሪያውን ውሃ ያጠራቅማል። የጋበዘኝ ሰው ግቢ ውስጥ ትልቅ የሲሚንቶ ጉድጓድ አየሁ። ከቆርቆሮው ጣሪያ አሸንዳ ወርዶበታል፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ተጭኗል፣ አጠገቡ ገመድ የታሰረበት ባልዲ ተቀምጧል። በ2005 ካርታላ ሲፈነዳ አመዱ የወረደው እንዲህ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሰው ጎርፍ ሳይወስደው፣ እሳት ሳያቃጥለው የሚጠጣው አጣ።

ወደ ክርክራችሁ እንምጣ። ፈረንሳይ ማዮትን በ1841፣ ሌሎቹን ደግሞ በ1886 ያዘች። በታኅሣሥ 1974 ሕዝቡ ስለ ነፃነት ድምፅ ሰጠ። ባጠቃላይ ከመቶ 95 ገደማው «ነፃነት» አለ። ማዮት ላይ ግን ከመቶ 64 ገደማው «አንፈልግም» አለ። ኮሞሮስ ሐምሌ 6 ቀን 1975 በራሷ ነፃነቷን ስታውጅ ፈረንሳይ ሦስቱን ለቀቀች፣ አራተኛዋን አስቀረች። በ1976 ጉዳዩ ጸጥታው ምክር ቤት ቀረበ፤ ፈረንሳይ ቬቶ አደረገችው። የኮሞሮስ ባንዲራ ላይ ግን ዛሬም አራት ኮከብ አለ። ማዮት በ2011 የፈረንሳይ 101ኛ ክፍለ ግዛት ሆነች፣ ያም በሕዝቡ ድምፅ። ስለዚህ ቅኝ ግዛት በነበረበት ወሰኑ ሳይከፈል ይውጣ በሚለው መርህ ከሄድን ባልሽ ልክ ነው። ነዋሪውን ከጠየቅን ደግሞ አንቺ። እኔ? እኔ ወደ ባልሽ አደላለሁ። አገርን ደሴት በደሴት መቁጠር ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ደግሞም አላቆመም። በ1997 አንጁዋንና ሞሄሊ «እኛም እንገንጠል» አሉ፣ ጭራሽ «ፈረንሳይ መልሳ ትግዛን» ብለው ለመኑ። ፈረንሳይ እምቢ አለች። ከዚያ ፕሬዚዳንትነቱ በደሴቶቹ መካከል በተራ እንዲዞር ተስማሙ። አንጁዋን ላይ አልወርድም ያለውን መሪ ያስወጣው በመጋቢት 2008 የዘመተው የአፍሪካ ኅብረት ጦር ነው። ውሳኔው ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው የወጣው። የመፈንቅለ መንግሥቱንና የሙከራውን ብዛት ተዪው፣ ከሃያ በላይ ነው ይባላል። ቦብ ዴናር የሚባል አንድ ፈረንሳዊ ቅጥረኛ ወታደር በ1978 በመርከብ 50 ያህል ሰው ይዞ መጥቶ መንግሥት ገልብጧል። በ1995 ተመልሶ ሌላ ገለበጠ። እንደ ቤቱ ነበር የሚገባው የሚወጣው!

ዛሬ ከአንጁዋን እስከ ማዮት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1995 ፈረንሳይ ቪዛ ካመጣች ወዲህ ሰው በሌሊት ኳሳ በሚሏት ትንሽ የዓሣ ጀልባ ይሻገራል። ዘመድ ሊጠይቅ፣ ሊታከም፣ ሊሠራ፣ ሊወልድ። በዚያች ባሕር በሺዎች የሚቆጠር ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2024 ቺዶ የተባለው አውሎ ነፋስ ማዮትን ሲመታ ቆርቆሮ ቤቶቹን ጠራርጎ ወሰዳቸው። ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ ወረቀት የሌላቸው የኮሞሮስ ሰዎች ነበሩ። እንያዛለን ብለው ፈርተው ወደ መጠለያ ያልሄዱም ነበሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የምኖረው ማርሴይ ነው። ፎቃችን ላይ ያሉት ኮሞሮሳውያን ናቸው፣ ሲበዛ ደጎች። ግን ለሠርግ ሲያጠራቅሙ ዕድሜያቸው ያልቃል። ያውም ከተጋቡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው! ነገሩ ምንድን ነው?
ከማርሴይ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያየኸው አንዳ የሚባለው ታላቁ ጋብቻ ነው። ንጋዚጃ ላይ ሰው መጀመሪያ በትንሹ ይጋባል፣ ይወልዳል። ታላቁ ሠርግ አቅም ሲገኝ ነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን። ወርቅ አለ፣ በሬ አለ፣ ለቀናት የሚቆይ ድግስ አለ። ይህን ያልፈጸመ ወንድ ፕሮፌሰር ቢሆን እንኳ በመንደሩ ጉባኤ ቃሉ አይከብድም። የፈጸመ ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣል፣ ልብሱም ይለያል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ቤቱ የሴቷ ነው። ቤተሰቧ ይሠራላታል፣ ባል እሷ ጋ ይገባል። እኔን የጋበዘኝ ያ ሰውዬ የውሃውን ጉድጓድ እያሳየኝ «የባለቤቴ ነው» ያለኝ ለትሕትና መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው።

ገንዘቡ የሚመጣው በአብዛኛው ከእናንተ ሰፈር ነው። አገሪቱ ቫኒላ፣ ቅርንፉድና ያላንግ ያላንግ የሚባል ለሽቶ የሚሆን አበባ ትሸጣለች። ዋጋቸው ግን ዛሬ ሰማይ፣ ነገ መሬት ነው። ያላንጉን ለማንጠር ደግሞ ማገዶ ይነዳል። አንጁዋን ወንዞች የነበሯት ደሴት ነች፤ ጫካው ሲመነጠር ብዙዎቹ ነጠፉ። ፈረንሳይ ያሉ ልጆቿ የሚልኩት ባይኖር ስንት ቤት ይዘጋ ነበር! ድግሱ ያባክናል የሚሉ አሉ፣ እኔም ስሰማው እንደዚያ አልኩ። ግን ስደተኛውን ወደ መንደሩ የሚመልሰው፣ ቤትና መንገድ የሚያሠራውም እሱ ነው። እኛስ ብንሆን ለሠርግ ተበድረን አናውቅም?

ጥያቄ፦ ኮሞሮስ በተጫዋች በረኛ ካሜሩንን አስጨነቀች የሚባለው እውነት ነው ወይስ የካፌ ወሬ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ እውነት ነው! እኛም የነበርንበት፣ በጥር 2022 ካሜሩን ላይ የተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ለኮሞሮስ የመጀመሪያዋ ነበር። በምድቡ ጋናን 3 ለ 2 አሸንፋ ወደ ቤቷ ላከቻት። ጥሎ ማለፉ ላይ ከአዘጋጇ ጋር ስትደርስ በረኞቿ በኮቪድና በጉዳት አለቁ። ሻከር አልሃዱር የሚባለው ተከላካይ የበረኛ ማሊያ ለበሰ፣ ጀርባው ላይ 3 ቁጥርን በፕላስተር ለጠፉለት። በዚያ ላይ በ7ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ! በ10 ሰው፣ በተከላካይ በረኛ 2 ለ 1 ብቻ ተሸነፉ። የኮሞሮስን ጎል ማርሴይ የተወለደው ዩሱፍ ምቻንጋማ ከሩቅ በቅጣት ምት ነው ያስቆጠራት። ቪዲዮው አለ፣ ፈልገህ እየው።

ቡድኑ ሴላካንት የሚባለው በዓሣ ስም ነው። ሳይንስ ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፍቷል ሲለው የኖረ ዓሣ ነው። በ1938 አንዱ ደቡብ አፍሪካ ተያዘ። ሁለተኛው በ1952 አንጁዋን ሲገኝ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ዓሣውን የሚያጠናውን ፕሮፌሰር በጦር አውሮፕላን ልኮ አስመጣው። የደሴቶቹ ዓሣ አጥማጆች ግን ጎምቤሳ ብለው ድሮም ያውቁታል፤ ሥጋው ስለማይጥም ብዙም አይፈልጉትም።