ሰባ ዓመት የተባለውን ሁለት ዓመት አታድርጉት

ልጆቼ፣

ኤርምያስ 29፥11ን በቃሉ የማያውቅ ክርስቲያን ወጣት ጥቂት ነው። በምረቃ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለው ቃል ስንቱን ከወደቀበት አንሥቷል። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ግን ብዙም አይነበብም። እዚያ ላይ እግዚአብሔር የሚጎበኛቸው በባቢሎን ሰባ ዓመት ከተፈጸመ በኋላ እንደሆነ ተጽፏል። ተስፋውና ጊዜው የመጡት ነቢዩ ኤርምያስ ለምርኮኞች በላከው በአንድ ደብዳቤ ነው። ብዙዎቻችሁ በመጠበቅ ውስጥ እምነታችሁ የሚደክመው ተስፋውን ይዛችሁ ጊዜውን ስለምትተዉት ይመስለኛል።

ደብዳቤው የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ከይሁዳ ንጉሥ ከኢኮንያን ጋር ተማርከው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች ነው። የያዘው ትእዛዝ ተራ የኑሮ ትእዛዝ ነበር፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ አግቡ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። ተስፋ የተሰጠው ሰው ሻንጣውን አስሮ በር ላይ እንዲቆም አልታዘዘም።

ከዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 28ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ኤርምያስ ሕዝቡ ለባቢሎን ንጉሥ እንዲገዛ ምልክት አድርጎ በአንገቱ ላይ የእንጨት ቀንበር ይዞ ቆሟል። ሐናንያ የተባለ ነቢይ በቤተ መቅደስ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹና የቤተ መቅደሱ ዕቃ እንደሚመለሱ በእግዚአብሔር ስም ተናገረ። ኤርምያስ መጀመሪያ የመለሰው «አሜን፥ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ብሎ ነው። እርሱም ቢሆን አጭሩን ይመኝ ነበር። ቀጥሎ ግን ሰላምን የተናገረ ነቢይ የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው አለ። ሐናንያ ቀንበሩን ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው፤ ይህ የሆነው በአምስተኛው ወር ነበር። በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሐናንያ ሞተ። ሁለት ዓመቱ አለፈ፣ ምርኮኞቹም አልተመለሱም። የሐናንያን ቃል አምኖ ቤት ሳይሠራ፣ አትክልት ሳይተክል የቆየ ሰው በሦስተኛው ዓመት ምን ይዞ እንደሚቀር አስቡት። እግዚአብሔር ያላለውን ነገር እግዚአብሔር እንደዋሸ አድርጎ ይቆጥረዋል። እምነት ጥለው የሄዱ ብዙ ወጣቶች ልባቸው የተሰበረው በዚህ መንገድ ነው፤ ጥፋቱም የእነርሱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠብቁትን ነገር በወረቀት ላይ ለዩት። አንድ ገጽ ሦስት ቦታ ክፈሉ። በመጀመሪያው ክፍል በመጽሐፍ ቅዱስ ለአማኝ ሁሉ የተሰጠውን ጻፉ፦ የኃጢአት ስርየት፣ የመንፈስ ቅዱስ መኖር፣ «አልለቅህም ከቶም አልተውህም» የሚለው፣ ትንሣኤ። በሁለተኛው ክፍል በጸሎት ወይም በትንቢት ተነገረን የምትሉትን፣ ማን እንደተናገረ፣ በየትኛው ቀን፣ በራሱ ቃል ምን እንዳለ ጻፉ። በሦስተኛው የራሳችሁን ምኞት ጻፉ፦ ትዳር፣ ሥራ፣ ልጅ፣ ውጭ አገር መሄድ። ምኞት መጻፍ አያሳፍርም፤ ሐና ልጅ ፈልጋ አልቅሳለች። ችግሩ የሦስተኛው ክፍል ነገር ሳይታወቅ ወደ መጀመሪያው ሲገባ ነው። በሦስት ወር እንደገና አንብቡት፤ ቃሉ በአእምሯችሁ ውስጥ ምን ያህል እንደተለወጠ ታያላችሁ። «እግዚአብሔር ያስብልሻል» የተባለችው ልጅ በዓመቱ «ዘንድሮ ታገቢያለሽ ተብያለሁ» ስትል ትገኛለች።

ሁለተኛውን ክፍል ፈትኑት። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን አትናቁ ባለበት ቦታ ሁሉን ፈትኑ ብሏል፤ ሁለቱን አብራችሁ ያዙ። የሚያውቋችሁ፣ ከነገሩ ጥቅም የሌላቸው ሁለት ወይም ሦስት የበሰሉ አማኞች ይስሙት። ለትንቢቱ መፈጸሚያ ገንዘብ የጠየቀ ሰው ጋር ንግግሩን እዚያው ጨርሱ። በትንቢት ብቻ ተነሥታችሁ ሥራ አትልቀቁ፣ ቤት አትሽጡ፣ እጮኝነት አታፍርሱ። በተለይ መድኃኒት አታቋርጡ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተፈውሰሃል ቢባል እንኳ መድኃኒቱን እየወሰደ ሐኪሙ ጋር ሄዶ ይመርመር። ጌታ ራሱ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ሄዶ ለካህን እንዲታይ አዞታል። ምርመራ ፈውስን አያረክስም።

እውነተኛ ተስፋ ይዞም መሳሳት አለ። አብርሃም ታላቅ ሕዝብ አደርግሃለሁ ተብሎ ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። በከነዓን አሥር ዓመት ከተቀመጠ በኋላ ሚስቱ ሦራ ልጅ እንድትወልድለት ገረዷን አጋርን ሰጠችው፤ እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ሆኖ ነበር። ያደረጉት በዘመናቸው ወግ የተለመደ ነበር፤ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ ሲታይ ኃጢአት አይመስልም። ከዚያ እስከ 99 ዓመቱ ድረስ መጽሐፉ ምንም አይነግረንም፤ ይስሐቅ የተወለደው በ100 ዓመቱ ነው። በኋላ ከቤት ተባርራ በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ውኃ አልቆባት ልጇን ከቁጥቋጦ በታች ጥላ ያለቀሰችው ግን አጋር ናት። የቸኮልንበትን ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። አንድን መንገድ ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከመጋቢዬና ከወላጆቼ የምሸሽገው ነገር አለው? «ዛሬ ካልወሰንክ ያመልጥሃል» የሚለኝ ሰው አለ? ከእኔ ሌላ የሚጎዳ ማን አለ? ለወረቀት ብቻ የሚደረግ ጋብቻ፣ በደላላ በኩል ወደ ሊቢያ ወይም ወደ የመን የሚሄድ መንገድ ሦስቱንም አያልፍም።

የየዕለቱን ነገር ከዳንኤል ተማሩ። በወጣትነቱ ተማርኮ ሦስት ዓመት የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ተማረ፣ በመንግሥት ሥራ እስከ ቂሮስ ዘመን ቆየ። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም በተከፈተው መስኮት ተንበርክኮ ይጸልይ ነበር። ሥራውን አልበደለም፣ ጸሎቱንም አላስታጎለም። እናንተም ጸሎትን በስሜት ላይ አታቁሙት፤ ሰዓት ስጡት። ጠዋት ስልክ ከመንካታችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ ይበቃል፦ አንድ መዝሙር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ ስለ ትናንት አመስግኑ፣ በደላችሁን ተናዘዙ፣ ለሌላ ሰው ጸልዩ፣ የምትጠብቁትን ነገር በመጨረሻ አንሡት። ቅደም ተከተሉን የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄውን ያስቀደመ ሰው ሃያ ደቂቃውን በጭንቀቱ ጨርሶ ይነሣል፤ ከወራት በኋላም ጸሎት ራሱ ያስጨንቀዋል።

ከፍቷችሁ ከሆነ መዝሙር 13ን ጸልዩ፤ በግእዙ ዳዊት 12ኛው ነው። «እስከ መቼ» እያለ ደጋግሞ ይጮኻል። እግዚአብሔርን መውቀስ የሚመስለው ይህ ጩኸት በመጽሐፍ ውስጥ የገባው እንድንጸልይበት ነው። ማጉረምረም ስለ እግዚአብሔር ለሌላ ሰው የሚነገር ነው፤ መዝሙሩ ግን ለራሱ ለእግዚአብሔር ይናገራል። ስትጾሙ የሚዘለቅ ልክ ምረጡ፤ በሳምንት አንድ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ መጾም፣ በድንገት ተነሥቶ ሃያ አንድ ቀን ጀምሮ በአምስተኛው ቀን ከመተው ይሻላል። የጨጓራ ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

በቀረው ሰዓት ሥሩ። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባ፣ እርሱም ታስሮ ሳለ በዓናቶት ያለውን የአጎቱን ልጅ መሬት በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ብሩን በሚዛን መዘነ፣ ውሉን በምስክር ፊት ፈረመ፣ የታተመውንና የተከፈተውን ውል በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጥ አዘዘ። በመሬቱ ላይ እንዳረሰበት አናነብም፤ በኋላ ወደ ግብፅ ተወስዷል። ሥራ የምትጠብቅ ልጅ የሒሳብ ፕሮግራም ትማር፣ በየሳምንቱ ማመልከቻ ታስገባ፣ የተመለሰላትን መልስ ትመዝግብ። ትዳር የሚጠብቅ ልጅ ዕዳውን ይክፈል፣ ቁጣውን ይግዛ፣ ወጥ መሥራት ይልመድ።

የጓደኛ ሠርግ ላይ መገኘት የሚከብዳችሁ ጊዜ ይመጣል። ሂዱ፣ መርቁ፣ ከደከማችሁ በጊዜ ተነሡ። ቤተ ዘመድ «አንቺስ መቼ ነው?» ሲል «ጸልዩልኝ» ብሎ ወሬ መቀየር በቂ መልስ ነው፤ ለሁሉ ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም።

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ደስ ይላችሁ የነበረው ነገር ሁሉ ከቀዘቀዘባችሁ፣ ይህን የእምነት ማነስ ብቻ አድርጋችሁ አትውሰዱት። የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ሆስፒታል ሂዱ፤ መሞትን ካሰባችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ የሰጠው እንጎቻና ውኃ ነው፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። ወደ ኮሬብ ተራራ የሚወስደው ጉዞ የመጣው ሁለተኛ ጊዜ ከበላ በኋላ ነው።