ጅብ የውሻ ወገን ነው የድመት?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሱሉልታ ዳር ነው። ማታ ጅብ ሳይጮህ አያድርም፣ ውሾቻችንም አብረው ያብዳሉ። ጎረቤታችን ጋሼ «ጅብ የዱር ውሻ ነው» ይላሉ። ልጄ ደግሞ «የድመት ዘመድ ነው፤ ክሮሞዞሙ 40 ነው፣ የድመት 38፣ የውሻ ግን 78» ብላ ተከራከረቻቸው። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት፣ ማስረጃዋ ግን አያዋጣም። በክሮሞዞም ብዛት ከሄድንማ ዶሮም እንደ ውሻ 78 ነው ያላት፤ ዘመድ ናቸው ልንል ነው?

ጋሼም አይፈረድባቸውም። አያ ጅቦ አፉ ሾጠጥ ያለ፣ በመንጋ የሚዞር፣ እያሯሯጠ የሚያድን ነው፤ ኑሮው ከውሻ ስለሚመሳሰል መልኩም ተመሳሰለ።

ዝምድና የሚታየው ዲኤንኤ ላይ ነው። ዲኤንኤ በአራት ፊደላት የተጻፈ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳትና ስህተቱ ለዘር ማንዘር ይተላለፋል። ተመራማሪዎች ያንኑ ጂን (አንድ የዲኤንኤ ክፍል) ከጅብ፣ ከድመት፣ ከውሻና ራቅ ካለ እንስሳ፣ ለምሳሌ ከፈረስ ወስደው ፊደል በፊደል ያስተያያሉ። ውሻና ፈረስ አንድ ዓይነት ፊደል ይዘው ጅብና ድመት ብቻ የተለወጠውን ከተጋሩ፣ ለውጡ የመጣው ከሁለቱ የጋራ አያት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ብዙ ጂኖች ይታያሉ። ለዚህ ደግሞ ጅብ ማሳደድ አያስፈልግም! መንገድ ዳር ጥሎት የሚሄደው ዓይነ ምድር (አጥንት ስለሚበላ ነው እንደዚያ የሚነጣው) ከአንጀቱ የተላጡ ሴሎች ስላሉት ይበቃል።

ውጤቱ? ጅብ፣ ድመትና ጥርኝ በአንድ ወገን፤ ውሻ፣ ተኩላና ድብ በሌላው። ሁለቱ ወገኖች የተለያዩት ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው፤ ዓመቱን ለማስላት ግን ዲኤንኤው ብቻውን አይችልም፣ ዕድሜያቸው የታወቀ ቅሪተ አካላት ያስፈልጋሉ።

እውነት ለመናገር ጅብ ላይ ጂን ያን ያህል አዲስ ነገር አላመጣም፤ የራስ ቅልና የጆሮ አጥንት የመረመሩ ሰዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከድመት ወገን መድበውት ነበር። ዲኤንኤ የበለጠ የጠቀመው ቀይ ቀበሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ባለ ጥቁር ጀርባውን ቀበሮ ትቶ ለውሻ አያት ለግራጫ ተኩላ የሚቀርብ መሆኑን አሳየ፤ ከባሌ ውሾች ጋር እየተዳቀለ የሚያስቸግረውም ለዚሁ ቅርበቱ ነው። ከእርስዎ ውሾች ጋር ግን አያ ጅቦ አይዳቀልም፣ ካገኛቸው ይበላቸዋል፣ ስለዚህ ማታ ግቢ ያስገቧቸው።