አራት ካርቶን ወረቀት ይዞ ሙያ መጀመር

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛ አምና ተመርቃለች፤ ሥራ ግን አላገኘችም። የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ የሥርዓተ ፆታ ቢሮ፣ የሴት ተማሪዎች ክበብና ሴት መምህራን ለዓመታት ያጠራቀሙትን አራት ካርቶን ወረቀት፣ ፎቶግራፍና ካሴት አሳይቶ «ታሪክ ተምረሻልና አደራጂልን» ብሏታል። ክፍያ የለውም። «ማስተርሱን ላስቀድም ወይስ ይህን ልሥራ? ሙያውስ እዚህ አገር እንጀራ ያበላል ወይ?» ትላለች።

ካርቶኖቹን ተቀበዪ፤ ማስተርሱ ይደርሳል። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «አርካይቪስት» (የቆዩ ሰነዶችን የሚያደራጅና የሚጠብቅ ባለሙያ) የሚል ቃል እምብዛም አታገኚም። የሚወጣው «የሪከርድና ማኅደር ባለሙያ»፣ «ዶክመንቴሽን ኦፊሰር» በሚል ነው። ስለዚህ ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱንና ቤተ መጻሕፍቱን) እና ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብቻ አትጠብቂ፤ ባንኮችን፣ የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራሮችን፣ የአፍሪካ ኅብረትንና የኢሲኤን (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ማስታወቂያዎችም ተከታተዪ። «የሴቶች ታሪክ» ብቻ የሚል መደብ እጠብቃለሁ ካልሽ ብዙ ትቀመጫለሽ። የምትቀጠሪው የመሥሪያ ቤት ፋይል መልክ እንድታስይዢ ነው። ለዚህ ደግሞ ተጀምሮ ያለቀ አንድ ስብስብ ከዲግሪ ይልቅ ይመሰክርልሻል።

ተቀበዪ ስንል ግን ቤትሽ ውሰጂው ማለታችን አይደለም። ሥራው እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ቁልፍ ባለው ክፍል ይሁን። ከመጀመርሽ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ፤ የወረቀቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ማን ማየት እንደሚችል፣ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ (3 ወር ይበቃል)፣ የትራንስፖርትና የክላሰር ወጪ ማን እንደሚችል። ያለ ቀነ ገደብ በነፃ የተጀመረ ሥራ አያልቅም፤ ያላለቀ ሥራ ደግሞ ሲቪ ላይ አይገባም።

የታሪክ ተመራቂ የሚሳሳተው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ወረቀቱን በርዕስ መደርደር ይጀምራል። እንዲህ አስቢው፤ የክበቡ ጸሐፊ የመኝታ ክፍል መብራት ይሠራልን የሚል ማመልከቻ ከቃለ ጉባኤው ኋላ በስፒል አያይዛዋለች። አንቺ ማመልከቻዎችን ለብቻ፣ ቃለ ጉባኤዎችን ለብቻ ካደረግሽ ያ ማመልከቻ ለምን እንደተጻፈ፣ ማን እንደደገፈውና ማን እንደተቃወመው ጠፋ። መልሰሽ ልታገናኚው አትችዪም። ስለዚህ መጀመሪያ ካርቶኑን ከላይ ወደ ታች፣ እያንዳንዱን ንብርብር በስልክሽ ፎቶ እያነሳሽ ቁጥር ስጪ። በእርሳስ ብቻ ጻፊ፤ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አይኑር። የዛገውን ስፒልና አግራፍ፣ የደረቀውን ላስቲክ በጥንቃቄ አውጪ፤ አብሮ የነበረው ግን በአንድ ነጭ ወረቀት ታጥፎ አብሮ ይቆይ። በስቴንስል የተባዛ በራሪ ወረቀትና የጋዜጣ ቁራጭ አሲድ ስላለበት ጎረቤቱን ያጠቁራል፤ መካከል ላይ ንጹሕ ወረቀት አስገቢ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፊ። ላሚኔት ማድረግማ (እዚህ አገር ሰርተፊኬት ሁሉ የሚያልፍበት ነገር ነው) ሙቀቱና ሙጫው ከወረቀቱ ጋር ስለሚዋሐድ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ቀን ላይ በተለይ ተጠንቀቂ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የተካሄደውና ተማሪዎች የተቃወሙት የፋሽን ትዕይንት መጋቢት 1960 ነው፤ በፈረንጅ 1968። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው የተገደለው ታኅሣሥ 1962 ነው፤ በፈረንጅ 1969። ለመጀመሪያው 8፣ ለሁለተኛው 7 ተደመረ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ሁሉንም በ8 የሚያሰላ ሰው የጥላሁንን ሞት አንድ ዓመት ያሳልፈዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ «1968» ካየሽ የፈረንጅ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛው ላይ ያለው ደግሞ የእኛ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፊ፤ ስሌቱን በቅንፍ።

ስም ሌላው ወጥመድ ነው። በአባት ስም አትደርድሪ፤ የእኛ ስም የሚፈለገው በራስ ስም ነው። «ወ/ሮ» ተብሎ በባል ስም ብቻ የተጠቀሰች ሴት ካለች የራሷን ስም ከሌላ ወረቀት ፈልገሽ አገናኚ፤ ያን ካላደረግሽ ከመዝገቡ ወጣች ማለት ነው። ሐና እና ሃና፣ ዓለም እና አለም ኮምፒውተር ላይ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱን መርጠሽ ሌላውን በ«ተመልከት» አያይዢ።

ከዚህ በኋላ የስብስቡን መግለጫ፣ ማለትም በካርቶኖቹ ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገረውን ሰነድ፣ ጻፊ። ኢሳድ-ጂ (ISAD(G)) የሚባለው ዓለም አቀፍ የማኅደር ገለጻ ደንብ 26 መስኮች አሉት፤ የማይቀሩት 6 ናቸው፤ መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ የፈጠረው አካል፣ ቀን፣ መጠን፣ የገለጻው ደረጃ። ለአራት ካርቶን ከ6 እስከ 8 ገጽ ይበቃል። መጀመሪያ በኤክሴል ሥሪው፤ በኋላ አቶም (AtoM) የሚባለው ነፃ የማኅደር ሶፍትዌር ላይ ማስገባት ይቻላል። ሁሉንም ስካን ላድርግ ብለሽ አትነሺ፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ሥራ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ካሴቶቹን ግን አስቀድሚ። ከማጫወትሽ በፊት በጠርዙ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጆሮዎች ስበሪ፤ በስህተት እንዳይቀዳበት። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር በዋቭ (WAV፣ ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት)፣ በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ ጥራት ቅጂ።

ካርቶኑ ውስጥ የትንኮሳ አቤቱታ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ ሊኖር ይችላል። እነዚህን ለብቻ አሽገሽ በመግለጫው «የተገደበ» በዪ፤ ስም አትጥቀሺ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቢ። ወረቀቱን መያዝና ማሳተምም አንድ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ ጸሐፊዋ ካረፈች 50 ዓመት እስኪሞላ የወራሾቿ ነው። ፌስቡክ ላይ ግጥሟን ለጥፈሽ ቤተሰቧ ሲደውል ቢሮው ካርቶኑን ይነጥቅሻል።

ወረቀቱ የማይነግርሽም አለ። በ1960ው የፋሽን ትዕይንት አዘጋጆቹ ሴት ተማሪዎች ነበሩ፤ ዛሬ በብዛት የምናነበው ግን የተቃዋሚዎቹን ክርክር ነው። የአንቺም ካርቶን እንዲህ ያለ ክፍተት ይኖረዋል። መግለጫው ውስጥ ክፍተቱን በግልጽ ጻፊ፤ ከተቻለም የሦስት ወይም የአራት የቀድሞ አባላትን ትዝታ በፈቃዳቸው በድምፅ ቅጂ። ለአንድ ሰዓት ቅጂ የበርካታ ሰዓት ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ ስላለ ከዚያ በላይ ቃል አትግቢ።

ስታመለክቺ መግለጫውን አያይዢ፤ ሲቪሽ ላይ ደግሞ «በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ» ሳይሆን «4 ካርቶን፣ የፋይሉ ብዛት ይህን ያህል፣ በ3 ወር ተደራጅቶ ርክክብ ተፈጽሟል» ብለሽ ጻፊ። የርክክብ ደብዳቤውን የቢሮው ኃላፊ እንዲፈርሙና ማኅተም እንዲያሳርፉበት ሥራው ባለቀ ዕለት ጠይቂ፤ ኃላፊ ከተቀየረ በኋላ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው።