ጥያቄና መልስ፦ ለነርሲንግ ልምምድ ወደ ሞቃታማ አገር ለሚጓዙ

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ከሁለት ወር በኋላ ለስድስት ሳምንት ልምምድ ወባና ቢጫ ወባ ወዳለበት አገር እሄዳለሁ። ክትባቶቹን በመጨረሻው ሳምንት፣ በአንድ ቀን ብወስዳቸው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ በአንድ ቀን ብዙ መርፌ መውሰዱ አይደለም የሚያሳስበን፤ "በመጨረሻው ሳምንት" ያሉት ነው። ሰውነት መከላከያውን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ይፈልጋል፤ በዙር የሚሰጡትም አሉ። ስለዚህ የመነሻውን ቀን ይያዙና ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

ለነርስ ከሁሉ የሚቀድመው በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው። በተለመደው አሰጣጥ ሁለተኛው ዶዝ ከመጀመሪያው 1 ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በ6ኛው ወር ይሰጣል። ገና ካልጀመሩ በሁለት ወር አይሞላም ማለት ነው። ጊዜ ላጠረው ሰው በመጀመሪያው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን የሚሰጥ የተፋጠነ አሰጣጥ አለ፤ እሱም በ12ኛው ወር አራተኛ ዶዝ ይጨመርበታል። ሦስቱን የጨረሱ ከሆነም "ተከትቤያለሁ" ብለው አይለፉት። ከመጨረሻው ዶዝ 1 ወይም 2 ወር በኋላ በሚደረግ የደም ምርመራ ደም ውስጥ ያለው መከላከያ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒትና ከዚያ በላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ በታች የሆነ ሰው በሥራ ላይ በሽተኛ የተወጋበት መርፌ ቢወጋው የሚሰጠው ሕክምና ይለያል፤ ስለዚህ ውጤቱን በወረቀት ይያዙት።

የቢጫ ወባ ካርድ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ዘግይቶ የተከተበ ሰው መግቢያው ላይ ሊታገድ ይችላል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንዱ ዶዝ ለዕድሜ ልክ ስለሚቆጠር፣ አሮጌ ካርድዎ ላይ "10 ዓመት" የሚል ቢያገኙ አይደንግጡ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ነው። የቢጫ ወባና የኩፍኝ ክትባቶች የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለባቸው ስለሆኑ፣ ጊዜ ካለ በ4 ሳምንት ቢራራቁ ይመረጣል። በቆዳ የሚደረገውን የቲቢ ምርመራ ከእነሱ በፊት ያስጨርሱ፤ ሕያው ክትባት የምርመራውን ውጤት ሊያደበዝዝ ይችላልና። ምርመራው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ መነበብ አለበት። ዓርብ ተወግቶ ማክሰኞ የሚመለስ ተማሪ እንደገና ይጀምራል። ከጉዞው በፊት የተነበበ ውጤት ከሌለ፣ ከተመለሱ በኋላ አዎንታዊ ቢሆን መቼ እንደተያዙ የሚነግርዎ አይኖርም።

ጥያቄ፦ ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን ታዘዘልኝ። አብረውኝ የሚሄዱት ሌላ ዓይነት ይዘዋል፤ እነሱ ከተመለሱ በሳምንት ያቆማሉ፣ እኔ ግን አንድ ወር ቀጥይ ተብያለሁ። ለምን?

መልስ፦ የወባ ተሕዋስ ከትንኟ ከገባ በኋላ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ደም የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዶክሲሳይክሊን በዋናነት የሚያጠቃው ደም ውስጥ ያለውን ነው። የመጨረሻው ቀን ከገባው ተሕዋስ ለመጠበቅ ከወባማው አካባቢ ከወጡ በኋላ 4 ሳምንት መቀጠል ግድ ነው። ጓደኞችዎ የያዙት አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ይመስለናል፤ እሱ ጉበት ውስጥ ባለው ላይም ስለሚሠራ 7 ቀን ይበቃዋል።

ዶክሲሳይክሊን በቀን 100 ሚሊ ግራም ሲሆን ከመግባትዎ 1 ወይም 2 ቀን ቀድሞ ይጀመራል። ከምግብ ጋር፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ። ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኙ፤ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቶ ኪኒኑን በጉንጭ ውኃ አውርዶ የሚተኛ ሰው ጉሮሮው ውስጥ ተጣብቆ ያቆስለዋል። የብረት ኪኒንና የጨጓራ ማስታገሻ አብረው ከተወሰዱ መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ቆዳንም ለፀሐይ ስለሚያጋልጥ እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ሊሆኑ ከቻሉ ሳይጀምሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

የትኛውም ኪኒን ሙሉ ዋስትና አይደለም። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከማምሻ እስከ ንጋት፣ ደንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ግን ቀን ነው፤ ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም። ከ20 እስከ 50 በመቶ ዲት (ትንኝ የሚያባርር ኬሚካል) ያለው የሚቀባ መከላከያ ይያዙ፤ የፀሐይ ክሬም ካለ እሱ ይቅደም፣ ዲቱ ይከተል። ትኩሳት ከያዘዎት በዚያው ቀን ይመርመሩ፤ ደንጊ አለመሆኑ ሳይታወቅ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን አይውሰዱ፣ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ጥያቄ፦ በሻንጣዬ ምን ልያዝ?

መልስ፦ ሦስት ቅያሪ የጥጥ የሥራ ልብስ፣ ፊቱ የተዘጋ ቀዳዳ የሌለው ጫማ (የወደቀ መርፌ እግር ላይ ነው የሚያርፈው)፣ ደረት ላይ የሚንጠለጠል የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት፣ የራስ ባትሪ፣ በልክዎ የሆነ ጓንት። ኤን95 ማስክ ከያዙ ፊትዎ ላይ መግጠሙን እዚሁ ሳሉ ያስፈትሹ፤ በጎን አየር የሚያስገባ ማስክ ቲቢ ክፍል ውስጥ አይጠብቅም። በአንዳንድ የአፍሪካ አካባቢዎች የማንጎ ዝንብ ውጭ በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ትሉ ቆዳ ውስጥ ገብቶ እንደ ብጉንጅ ያብጣል። ልብሱ፣ በተለይ ስፌቱና የወገቡ ላስቲክ፣ በጋለ ካውያ ይተኮስ።

ጥያቄ፦ በምመደብበት ሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ፍጥነት የሚቆጣጠር ፓምፕ የለም ተብያለሁ። እኔ የተማርኩት በፓምፕ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ከመሄድዎ በፊት የሚለማመዱት ይህን ነው፤ ከሻንጣው ሁሉ ይበልጣል። የፈሳሹን መጠን በሚሊ ሊትር ይያዙ፣ በመስመሩ (ፈሳሹ በሚወርድበት ቱቦ) ማሸጊያ ላይ በተጻፈው ቁጥር (አንዱ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሆነ) ያባዙ፣ ለጠቅላላው ደቂቃ ያካፍሉ። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዞ መስመሩ 20 ጠብታ ከሆነ፦ 1000 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ480 (8 ሰዓት በደቂቃ)፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ።

ማሸጊያው ሳይነበብ ከተጣለ ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። መስመሮች በ10፣ በ15፣ በ20 እና በ60 ይመጣሉ። መስመሩ 15 ሆኖ ሳለ 42 ቢቆጥሩ ያው ሊትር በ6 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ጎልማሳ ይችለው ይሆናል፤ ልብ ወይም ኩላሊት ደካማ የሆነ በሽተኛ ግን ሳንባው ውኃ ሊይዝ ይችላል። ለሕፃናት የ60ውን ይጠቀሙ፤ በእሱ የደቂቃው ጠብታ ቁጥር ከሰዓቱ ሚሊ ሊትር ጋር እኩል ነው።

ጠብታውን ሲቆጥሩ ሰዓቱን ከጠብታው ክፍል አጠገብ፣ በዓይንዎ ትይዩ ይያዙትና ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ሲጣደፉ ያሳስታል። ከዚያ በጠርሙሱ ጎን ፕላስተር ይለጥፉና በየሰዓቱ ፈሳሹ የት መድረስ እንዳለበት ያስምሩ፤ ለምሳሌያችን በየ125 ሚሊ ሊትሩ። በሽተኛው እጁን ባጠፈና በተነሣ ቁጥር ፍጥነቱ ስለሚለወጥ፣ ፕላስተሩ ላይ ያሰመሩትን ምልክት ማየት ከመቁጠር ይቀድማል።

የደም ስኳር መለኪያውም በሌላ አሃድ ሊሆን ይችላል። ከሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወደ ሚሊ ሞል በሊትር ለመለወጥ ለ18 ያካፍሉ፤ 70 የሚለው 3.9 ነው። 4 የሚል ቁጥር አይተው የሚደናገጡ ተማሪዎች ስላሉ ነው ይህን የጨመርነው።

ጥያቄ፦ ሰው ስለሚያንስ ያልተማርኩትን ሥራ ቢሰጡኝስ?

መልስ፦ በአገርዎ ያልተፈቀደልዎትን እዚያም አይሥሩ፤ በሽተኛው ድሃ ስለሆነ መብቱ አያንስም። ከመሄድዎ በፊት ብቻዎን የሚሠሩትን፣ ሰው እያየዎት የሚሠሩትንና ፈጽሞ የማይነኩትን ለይተው ይጻፉ፤ አስተማሪዎ ይፈርሙበት፣ በመጀመሪያው ቀን ለተቆጣጣሪዎ ይስጡ። ሲጠየቁ "ይህን አልተማርኩም፤ እርስዎ ሲሠሩ ላግዝ" ማለት ይበቃል።

ጥያቄ፦ መርፌ ቢወጋኝ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠቡ፤ አይጭመቁት፣ በረኪና አያፍስሱበት። ወዲያው ለተቆጣጣሪዎ ይንገሩ። ኤችአይቪ ካለበት ሰው ደም የመያዝ ዕድሉ ከ1000 3 ገደማ ነው፤ ላልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ግን ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል፤ ላይ ክትባቱን ያስቀደምነው ለዚህ ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ጥቅሙ በሰዓት ይቀንሳል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፣ ከጀመሩት ደግሞ 28 ቀን ሳያቋርጡ ነው። ስለዚህ የምደባ ቦታዎ መድኃኒቱ በሌሊትም የሚገኝበት መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከሌለ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚበቃ መድኃኒት ይዘው እንዲሄዱ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ለኋላው ማነጻጸሪያ የሚሆነው የመጀመሪያው የደም ናሙና በዚያው ቀን ይወሰድ፣ ምርመራው በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ይደገም።