የአራስ ራስ ምታት ሁሉ ብርድ አይደለም

እህቴ፣ እንኳን ለሰባተኛው ወር አደረሰሽ። ያልሽው ባጭሩ ይኼ ነው፦ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ትሠሪያለሽ፣ የአራስነት ጊዜሽን መንዝ መሐል ሜዳ እናትሽ ጋ ልታሳልፊ ነው፣ እግርሽ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎሻል፣ ብርዱንም ፈርተሽዋል። «ምን ይዤ ልሂድ?» ብለሻል። እኔም በዚያው መንገድ ሄጄ፣ በዚያው ብርድ ከርሜ ነው የተነሳሁት። ስለ አጥሚትና ስለ ገንፎ ሌሎች እህቶች ጽፈውልሻል። እናትሽም ታውቅበታለች፤ አልደግመውም።

1. ብርድ ልብስ ተሸክመሽ አትሂጂ። መንዝ ቤት የበግ ጠጉር ባና አይጠፋም፣ ከባና የሚበልጥ ሙቀት ደግሞ እኔ አላውቅም። ካልሲ፣ የሕፃን ኮፍያና የላስቲክ ሙቅ ውሃ መያዣ ያዢ። ሕፃኑ ከበረደው ራቁቱን ደረትሽ ላይ አድርጊውና ከላይ ደርቢበት፤ ቶሎ ይሞቃል። በተወለደበት ቀን ገላውን አታሳጥቢው። ከሰል ግን በርና መስኮቱ ተዘግቶ አራስ ወደተኛችበት ክፍል አይግባ። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝተሽ ነው የሚወስድሽ። «ውጭ ተቀጣጥሎ ነው የገባው፣ ፍም ብቻ ነው» ይሉሻል። ፍሙም ያው ነው። እኔ በዚህ ከእናቴ ጋር ተኳርፌያለሁ፤ ምድጃው ግን ወጥቷል።

2. የአይረን እንክብሉን በሻይ ወይም በቡና አትዋጪው፤ ሰውነትሽ ብረቱን እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂው። ብርቱካን ካገኘሽ ከሱ ጋር ጥሩ ነው። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ። ሆድ ካደረቀሽ ውሃ አብዢ፣ ተልባም ይረዳል። ኮሶና ጤና አዳም አሁን አይነኩም። ጥሬ ሥጋውም ይቆይልሽ፣ በግ የትም አይሄድም።

3. እግርሽን ማታ ከፍ አድርጊው፣ በጎንሽ ተኚ፣ ግራው ይሻላል። በሰባት ወር እግሯ የማያብጥ ጥቂት ናት። ፊትሽና እጅሽ ባንዴ ካበጡ፣ ቀለበትሽ አልወጣ ካለሽ ግን ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ። 140/90 ከደረሰ ነገ ዛሬ አይባልም።

ተራ ቁጥሩ እዚህ ላይ ይብቃ፤ ይህን ሁሉ መጻፍ የጀመርኩት ስለ ግፊት ላወራሽ ነው።

እርግዝናዬን ሙሉ ግፊቴ ደህና ነበር። ክትትል አንድም ቀን አላጓደልኩም። ደብረ ብርሃን በሰላም ወለድኩ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተባለ፣ እናቴ ጋ ገባሁ። ሳምንት ሳይሞላኝ ራሴን ያመኝ ጀመር። እናቴ «ብርድ ነው» ብላ ሻሽ ጥፍር አድርጋ አሰረችልኝ፣ አናቴ ላይ ቅቤ ጨመረችበት። ጎረቤት መጥታ «ብርድ ነው፣ ሆዷም ባዶ ነው» አለች፤ ሌላ ገንፎ ተገነፋ። አክስቴ ደግሞ ሰይጣን እንዳይጠጋኝ ብላ ማጭድ ትራሴ ሥር ሸጎጠች። ሁሉም በፍቅር ነው፣ አልፈርድባቸውም። እኛ አገር በሽታ ወይ ብርድ ነው ወይ ምች፣ ሦስተኛ የለም። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ሲመጣብኝና ከጡቴ በታች ሲወጋኝ ባለቤቴ «በቃ» ብሎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ።

አሁን የካርድ ክፍሉን ሰውዬ ስሚ። ስሙንም የጤና ጣቢያውንም አልጠራም፤ ራሱ ያውቀዋል።

ቆሎ በወረቀት ጠቅልሎ መስኮቱ ላይ አስቀምጧል። «የት ነው የወለደችው?» አለ። ደብረ ብርሃን አልነው። «ታዲያ ካርዷ እዚያ ነው፤ እዚህ ላልወለደች ምን ብዬ ላውጣላት?» ባለቤቴ «በጣም አሟታል» ሲለው «አራስ መቼ ሳያማት ቀርቶ ያውቃል» አለና ቆሎውን ቃም አደረገ። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እንደ መምከር ብሎ፦ «ይልቅ ብርድ ሳይመታት ቤቷ መልሳት።» እሱም ብርድ!

ከግድግዳው ተደግፌ ዓይኔን በነጠላ ሸፍኜ ነበር። አንዲት አዋላጅ ነርስ ስታልፍ አየችኝ። ካርድ አልጠየቀችም። «ብርሃኑ ያምሻል?» ብቻ አለች። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ክንዴ ላይ መለኪያውን ጠቀለለች፣ ነፋችው፣ ቁጥሩን አየች፣ አላመነችም መሰለኝ እንደገና ነፋችው። 160/110። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሮጠ። እንዳያንቀጠቅጠኝ ማግኒዥየም ወጉኝ፤ ሲገባ እሳት ነው፣ አልዋሽሽም። አምቡላንስ ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ፣ ዳንኩ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ይኼ ግፊት በእርግዝናዋ ደህና የነበረችውንም ሴት ከወለደች በኋላ ሊይዛት ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ። ጥሎ ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ሰውዬው? ለቀጠሮ ስመለስ እዚያው መስኮት ላይ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ሳትወጪ የክትትል ካርድሽን ገጽ በገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ስትወልጂ የመውጫ ወረቀት ሳትቀበዪ ከሆስፒታል እንዳትወጪ፤ 24 ሰዓት ሳይሞላሽም «ደህና ነኝ» ብለሽ አትቸኩዪ። ካርድ ክፍል ላይ የሚገትርሽ ካለ ወረፋውን ትተሽ ቀጥታ ማዋለጃ ክፍል ግቢና «አራስ ነኝ፣ ራሴን አሞኛል፣ ግፊቴን ለኩልኝ» በዪ። ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ማንም ውለታ እየዋለልሽ አይደለም።

ከወሊድ በኋላ በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት መታየት አለብሽ። «አራስ አርባ ቀን ሳይሞላት ከቤት አትወጣም» የሚል መቼም አይጠፋም። ያኔ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሪያት፣ ቤት ድረስ ትመጣለች። ስልኳን ከአሁኑ በእናትሽ በኩል አስፈልጊ።

ፈቃድሽንም አታስቀሪ። የግል ፋብሪካ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዝሽ ይሰጥሻል። የሰው ኃይል ክፍሉ «የመጀመሪያውን 30 ተይው፣ ሥራ በዝቷል» ቢልሽ ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ። እኔን እንደዚያ ብለውኝ ነበር፤ በጽሑፍ ስጠይቅ ግን ዝም ብለው ፈረሙ።

ለሕፃኑ ቅቤ የሚያልሱ አክስቶች ይመጣሉ። የእኔ ልጅ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር አንድ ጠብታ አልቀመሰም፤ ውሃም ቢሆን። አኩርፈው የሄዱ ነበሩ፣ ለክርስትናው ሁሉም መጥተው በልተዋል።

ባለቤትሽን ደግሞ ዛሬ ማታ አስቀምጠሽ አስጠኚው፦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጡት በታች ሕመም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ሞዴሱን በሰዓት የሚያርስ ደም። አንዱ እንኳ ከታየ ሌሊትም ቢሆን መኪና ይፈልግ። ያኔ አንቺ መናገር ላትችዪ ትችያለሽ፤ እኔ እዚያ መስኮት ጋ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም፣ የተከራከረልኝ ባለቤቴ ነው።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።