«ጋዙ ታግዷል» ስለተባሉ ኤሲዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሙቀቱ ሲጀምር የኤሲ ጥያቄውም አብሮ ይጀምራል። ዘንድሮ ከጎጃም የደረሱን መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ ጋዝ ናቸው። አራቱን እንመልሳለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ባሕር ዳር ነን። ቤቱን ስንገዛው ሳሎን ውስጥ የቆየ ኤሲ ነበረበት፣ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ጋዝ እናስሞላዋለን። ዘንድሮ የመጣው ባለሙያ ግን «ይሄ ጋዝ በሕግ ታግዷል፣ ካልቀየራችሁት ትቀጣላችሁ» ብሎን ሄደ። ባለቤቴ እንቀይረው ይላል፤ እኔ ደግሞ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ባይ ነኝ። እውነት እንቀጣለን?

መልስ፦ የለም እህቴ፣ ይረጋጉ። ደንቡ የሚይዘው አምራቹንና አስመጪውን እንጂ ሳሎንዎ ውስጥ የተሰቀለውን ኤሲ አይደለም። ባለሙያው ግን ከሜዳ ተነስቶ አላወራም፤ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ራሱ ጨምሮበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆየት ያሉ ኤሲዎች ውስጥ ያለው ጋዝ ብዙውን ጊዜ አር-22 ነው። ውጭ ያለው ክፍል ጎን ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ቢያዩ ተጽፎ ያገኙታል። ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ደረጃ በደረጃ እያስወጣው ነው። ኢትዮጵያም ከ1994 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ለታዳጊ አገሮች በተቆረጠው ቀጠሮ መሠረት፣ አር-22 ያለበት የጋዝ ቡድን ከ2025 ጀምሮ ከመነሻው ወደ ሲሶ ገደማ መውረድ አለበት፤ በ2030 ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2040 ድረስ ለነባር ማሽኖች ጥገና ጥቂት ብቻ ይፈቀዳል። ስለዚህ የሚመጣብዎት ቅጣት ሳይሆን የጋዙ መጥፋትና መወደድ ነው። ሲጠፋ ደግሞ ሲሊንደሩ ላይ ሌላ ተጽፎ ውስጡ ሌላ የሆነ ጋዝም ገበያ ላይ ይወጣል።

እኔን ግን ከሕጉ ይልቅ ያሳሰበኝ «በየዓመቱ እናስሞላዋለን» ያሉት ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፣ በቃ። በየዓመቱ ከጎደለ ያፈሳል ማለት ነው፤ እናንተም በየዓመቱ ጋዝ ገዝታችሁ አየር ላይ እየበተናችሁ ነው። ውጭ ያለውን ክፍል ጠጋ ብለው ይዩት። ሁለቱ የመዳብ ቱቦዎች በነሐስ ዳዶ የሚታሰሩበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ካለ ጋዙ ከኮምፕረሰሩ ዘይት ጋር እየወጣ ነው። የሳሙና አረፋ ሲቀባ የሚያፈሰው ቦታ ፊኛ ይነፋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ዳዶው ላይ ሆኖ ይገኛል፤ የቱቦውን ጫፍ ቆርጦ አፉን እንደገና ማስፋትና በልኩ ማሰር ይበቃዋል። ባለሙያ ሲጠሩም አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ናይትሮጅንና ቫኪዩም ፓምፕ ይዘሃል? ሁነኛ ሰው መጀመሪያ በናይትሮጅን ግፊት ይፈትሻል፣ የሚያፈሰውን ይዘጋል፣ አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ ስቦ ያወጣል፣ ከዚያ ጋዙን በሚዛን መዝኖ ይሞላል። ሲሊንደር ብቻ አንጠልጥሎ የመጣው ጋዝ ሸጦ ሊሄድ ነው የመጣው።

እንግዲህ የባልና ሚስቱን ክርክር ልዳኝ፦ የሚያፈሰው ከዳዶው ከሆነ አሠርታችሁ ተጠቀሙበት፣ እርስዎ ረቱ። ኮምፕረሰሩ ከሞተ ወይም ውስጥ ያለው መጠምጠሚያ ከተበሳ ግን ባለቤትዎ ረቱ፤ ለአር-22 ማሽን ትልቅ ገንዘብ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነኝ። ከመኖሪያ ቤቴ ጋር የተያያዙ ሁለት የእንግዳ ክፍሎች አሉኝ፣ ሁለቱም የድሮ ኤሲ አላቸው። ጋዙ ሲጠፋ የሚጠግንልኝ ልጅ አንዴ «አዲሱን 410 እንሙላበት» ይለኛል፣ አንዴ ደግሞ «የምድጃ ጋዝም ያቀዘቅዛል» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱንም እንዳያስነኩት። አር-410ኤ የሚሠራበት ግፊት ከአር-22 በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል፣ የሚፈልገው የኮምፕረሰር ዘይትም ሌላ ነው። የድሮው ማሽን አይችለውም።

የምድጃ ጋዙ ላይ ልጁ አልዋሸም፣ እውነትም ያቀዘቅዛል። የተጣራ ፕሮፔን አር-290 ተብሎ ራሱ የኤሲ ጋዝ ሆኖ ይሸጣል፣ ለአየር ንብረትም ከሌሎቹ በጣም የተሻለ ነው። ግን ለእሱ ተብሎ የተሠራ ኤሲ የሚይዘው ጋዝ በልክ የተወሰነ ነው፣ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹም ብልጭታ እንዳይፈጥሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የእርስዎ ማሽን ይህ የለውም። እንግዳው መስኮት ዘግቶ በተኛበት ክፍል ውስጥ ቢያፈስስ አስበውታል? ሌላም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ባለሙያ መጥቶ፣ ስቲከሩ ላይ አር-22 አንብቦ፣ ቱቦውን በእሳት ሊበይድ ይችላል። ውስጡ ምን እንዳለ ማን ነገረው? አንዱ ክፍል በአየር ማራገቢያ ይቆይና ለሌላው አዲስ ኤሲ ይግዙ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ኤሲ የለኝም፣ ፍሪጅ ግን አለኝ። ይመለከተኛል?

መልስ፦ ማርቆስ ላይ ኤሲ የሌለው ሰው ምን ጎደለበት! ጋቢ ካለዎት ይበቃል። ፍሪጅዎ ጀርባ ላይ አር-600ኤ ተብሎ ከተጻፈ ይህ ቅነሳ አይነካዎትም። አር-134ኤ ከሆነ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል ላይ በ2016 ኪጋሊ በተጨመረው ማሻሻያ ውስጥ ገብቷል። ይህ ጋዝ ኦዞንን አይጎዳም፣ ምድርን ግን ያሞቃል። ለእኛ መሰል አገሮች ቅነሳው ቀስ ያለ ነው፦ የጋዙ መጠን 2024 ላይ ባለበት ቆመ፣ በ2029 በ10 በመቶ ይቀንሳል፣ በ2045 ደግሞ ቅነሳው 80 በመቶ ይደርሳል። እስከዚያ ፍሪጅዎ ራሱ ያረጃል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ባሕር ዳር ቤት እያስጨረስኩ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ «እዚህ 410 ስለታገደ ርካሽ ኤሲ አለ፣ በኮንቴይነር ልላክልህ» አለኝ። ልቀበል?

መልስ፦ ወንድምህን አመስግነው፣ ኤሲውን ግን ይተወው። ምድርን የማሞቅ አቅም የሚለካው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፦ አንድ ኪሎ አር-410ኤ ወደ 2,088 እጥፍ ያሞቃል፣ አዲሶቹ ኤሲዎች ውስጥ የሚገባው አር-32 ደግሞ 675። አሜሪካኖቹ ለአዲስ የቤት ኤሲ 700ን ጣሪያ አድርገው ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከዚያ በላይ የሆነው እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክለዋል። ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው። ሌላው ቤት የማይፈልገውን ዕቃ ለምን አንተ ትሸከማለህ? ደግሞም የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ሞተሩ ለዚህ አልተሠራም።

እዚሁ ስትገዛ አር-32 ፈልግ። በመጠኑ ይቀጣጠላል፣ ስለዚህ የሚገጥምልህ ሰው ጋዙን የሚያውቅ ይሁን፤ ሲጋራ እያጨሰ ቱቦ የሚከፍት ከሆነ መልሰው። ሻጩ «ሁሉም ያው ነው» ካለህ ካርቶኑን አስከፍተህ ስቲከሩን ራስህ አንብብ፣ የጋዙን ዓይነትም ደረሰኝህ ላይ አስጽፈው። መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰፈር ከሆንክ ደግሞ ስታቢላይዘሩን አብረህ ግዛ፤ ኮምፕረሰሩ ከተቃጠለ በኋላ አይጠቅምህም።